ከውጭ የሚሰካ ጉልበት

ኬንያዊቷ ሞያሌ መብራት የምታገኘው ከኢትዮጵያ ነው። የኬንያ ዋናው የኤሌክትሪክ መስመር ሰፊውን የሰሜን በረሃ አቋርጦ እስኪደርስላት ከመጠበቅ፣ ከድንበሩ ማዶ ያለው የኢትዮጵያ መስመር ቀረባት። የኬንያው የኤሌክትሪክ ኩባንያም ከዚያ እየገዛ ለከተማዋ ያከፋፍላል። የኬንያ ሶኬት ግን እንግሊዞች የተዉት ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ቀዳዳ ነው። ከኢትዮጵያ ባለ ሁለት ክብ እግር ቻርጀር ይዞ የተሻገረ ሰው፣ መብራቱ ያገሩ ሆኖ ሳለ ማስማሚያ መፈለጉ አይቀርም።

የዴስክቶፕ ግራፊክስ ካርድን ከአሮጌ ላፕቶፕ ጋር ለማገናኘት የሞከረ ሰው ይህን ይረዳል። ጉልበቱ ውጭ ሞልቷል፤ ጣጣው መግቢያው ላይ ነው።

የሞያሌ ታሪክም ከሞላ ጎደል የመግቢያ ታሪክ ነው። በአርኪባልድ በተር የሚመራ የእንግሊዝ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1902 እና በ1903 አገሩን ለካ። በታኅሣሥ 1907 አጼ ምኒልክና እንግሊዝ የድንበሩን ስምምነት ፈረሙ። ከዚያም ሻለቃ ቻርልስ ግዊን መስመሩን ምድር ላይ ሊያበጅ መጣ። እንግሊዞች በዚህ ወሰን ላይ የድንበር ተቆጣጣሪ አድርገው የሾሙት ፊሊፕ ዛፊሮ የተባለ ግሪካዊ ሲሆን፣ ሞያሌ ላይ የቆረቆረውን ምሽግ በአዲስ አበባው የእንግሊዝ ወኪል በሰር ጆን ሃሪንግተን ስም ሰየመው። ከብቶቻቸውን እያስከተሉ ከውኃ ወደ ውኃ የሚጓዙት ቦረናዎች፣ ገብራዎችና ገሪዎች ግን ከመስመሩ በፊት የነበረውን ኑሯቸውን ቀጠሉ። በሐምሌ 1940 የጣልያን ጦር የኬንያውን ሞያሌ ያዘ፤ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ተመልሶ ወጣ።

ከጦርነቱ ይልቅ ከተማዋን የጎዳት መንገዱ ነበር ማለት ይቻላል። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ለአሥርት ዓመታት ድንጋይና አቧራ ሆኖ ኖረ፤ መንገደኛው በከብት መኪና ጣሪያ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር የሚሄደው። አስፋልቱ እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ በክፍል በክፍል ተሠርቶ ለመጠናቀቅ አሥር ዓመት ገደማ ፈጀ። በታኅሣሥ 2020 ደግሞ ኡሁሩ ኬንያታና ዐቢይ አሕመድ የሁለቱን አገሮች የጋራ የድንበር ኬላ መርቀው ከፈቱ።

በዚህ በር ወደ ኬንያ ከብት ይወጣል። ወደ ኢትዮጵያ ደግሞ ልባሽ ጨርቅ፣ ጫማና ኤሌክትሮኒክስ ይገባል፤ አንዳንዱ በኬላው፣ አንዳንዱ ደግሞ ኬላውን ዞሮ። የኢትዮጵያ ጉምሩክ ኮሚሽን በሚያወጣቸው የኮንትሮባንድ ዘገባዎች ውስጥ የሞያሌ ቅርንጫፍ ስም የማይጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። ከሸቀጡ ትልልቅ መነሻዎች አንዱ የናይሮቢው የኢስሊ ሰፈር ነው። ሶማሊያ እ.ኤ.አ. በ1991 መንግሥት ካጣች በኋላ፣ ስደተኞች ጋሪሳ ሎጅ በተባለው ማረፊያ በየመኝታ ክፍላቸው ዕቃ ዘርግተው መሸጥ ጀመሩ፤ ኢስሊን የገበያ ማዕከል ያደረጋት ይህ ጅማሬ ነው።

ወደ ላፕቶፑ እንመለስ። በምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች በገበያው ቋንቋ «ዩዝድ» የሚባለው ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ ከአውሮፓና ከአሜሪካ መሥሪያ ቤቶች የወጣ ነው። ቲንክፓድ፣ ላቲቲዩድ፣ ኤሊትቡክ፦ ለቢሮ የተሠሩ፣ ጠንካራና በቀላሉ የሚፈታቱ። በግራፊክስ ግን ደካሞች ናቸው፤ አምራቹ ለሒሳብ ሠራተኛ እንጂ ለሰርግ ቪዲዮ አቀናባሪ ወይም ለሥነ ሕንፃ ተማሪ አላሰባቸውም። እ.ኤ.አ. ከ2013 በፊት ከተሠሩት ብዙዎቹ ግን ባለቤቶቻቸው ልብ የማይሉት አንድ ቀዳዳ በጎናቸው አለ፤ ኤክስፕረስካርድ ይባላል። ለሞደምና ለመሳሰለው ተብሎ የተበጀ ቢሆንም፣ ከማዘርቦርዱ ዋና የመረጃ መስመር፣ ከፒሲአይ ኤክስፕረስ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው።

ትልልቅ ኩባንያዎች ይህን ዕድል ቀድመው አይተውት ነበር። አሱስ እ.ኤ.አ. በ2007 በዚሁ ቀዳዳ የሚሠራ ኤክስጂ ስቴሽን የተባለ የውጭ ግራፊክስ ሣጥን አስተዋወቀ። ኤኤምዲ በ2008 የራሱን ልዩ ማያያዣ አወጣ፤ ፉጂትሱ ሲመንስም ለአንድ አሚሎ ላፕቶፕ ሠራበት። ሁለቱም ሰፊ ገበያ አላገኙም። ሥራውን የያዙት ቤታቸው ተቀምጠው የሚሞክሩ ሰዎች ናቸው፤ በእኔ ግምት የዚህ ታሪክ ጣፋጩ ክፍል የነሱ ነው።

ፈተናቸው ብዙ ነበር። ዴስክቶፕ ውስጥ ካርዱ የሚሰካው አሥራ ስድስት መስመር ባለው ሶኬት ነው፤ ኤክስፕረስካርድ ያለው አንድ ብቻ። በፒሲአይ ኤክስፕረስ ሁለተኛ ትውልድ አንዱ መስመር በሰከንድ 500 ሜጋባይት ያሳልፋል፤ የሦስተኛው ትውልድ ዴስክቶፕ ሶኬት 16 ጊጋባይት ያህል፣ ማለትም ሠላሳ ሁለት እጥፍ። ካርዱን የሚያበራ ኃይልም ከላፕቶፑ አይገኝም። አንድ ካርድ ከሶኬቱ ብቻ እስከ 75 ዋት ሊስብ ይችላል፤ ባለ ስምንት እግሩ ተጨማሪ ገመድ ሌላ 150 ዋት ያመጣል። ስለዚህ ካርዱ የራሱ ፓወር ሰፕላይ ያስፈልገዋል፤ ብዙዎቹ የተጠቀሙት ከአሮጌ ዴል ዴስክቶፕ የቀረ ባለ 220 ዋት አዳፕተር ነበር።

ኤክስፕረስካርድ የሌለው ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ የዋይፋዩን ካርድ ነቅለው ገመዱን በሱ ቦታ ይሰኩ ነበር። ኤችፒና ሌኖቮ ግን ባዮሳቸው (ማሽኑን የሚያስነሣው ፕሮግራም) ውስጥ የተፈቀዱ ካርዶችን ዝርዝር ጽፈው ነበር፤ ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ ነገር የተሰካበት ቲንክፓድ 1802 የሚል የስሕተት ቁጥር አሳይቶ አልነሣም ይል ነበር። ገዝተህ የራስህ ባደረግከው ማሽን ላይ እንዲህ ያለ ኬላ መቆሙ እስካሁን ያስገርማል። ሰዎቹ አንዳንዴ ባዮሱን ራሱን ቀይረው አለፉት።

ያልጠበቁት እርዳታም ደረሰላቸው። ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በ2010 ኦፕቲመስ የተባለ ዘዴ አወጣ፤ ዓላማው የላፕቶፕን ባትሪ መቆጠብ ነበር። ሞካሪዎቹ ግን ድራይቨሩ በአንድ መስመር ብቻ የተገናኘ ካርድ ሲያገኝ መረጃውን እየጨመቀ እንደሚልክ ደረሱበት። ጠባቡ መንገድ በአንድ ጊዜ የበለጠ ሊሸከም ቻለ። ሥዕሉን ወደ ላፕቶፑ ስክሪን ከመመለስ ይልቅ ከካርዱ ጋር በቀጥታ በተያያዘ ሞኒተር ማየትም መስመሩን ከምልልስ እንደሚያሳርፈው ተረዱ።

ከዚያ በኋላ ያለው በአጭሩ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ2011 ተንደርቦልት የተባለ ፈጣን ማያያዣ በማክቡክ ፕሮ ላይ ታየ፤ በዚያው ዓመት ሶኒ ለቫዮ ዜድ የውጭ ግራፊክስ ያለው መትከያ ሠራ። በ2016 ሬዘር በ499 ዶላር ባዶውን ሣጥን፣ ያለ ካርድ፣ መሸጥ ጀመረ። አፕል በ2018 የውጭ ካርድን በይፋ ፈቀደ፤ በ2020 ኤም1 የተባለውን የራሱን ቺፕ ሲያመጣ ግን በሩን መልሶ ዘጋው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ጉዳዩ ጨዋታ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ገደማ የነበረው የዶላር ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። በዶላር የሚገዛ አዲስ ኮምፒውተር ከብዙ ሰው እጅ ራቀ፤ አሮጌውን ማሰንበት ግድ ሆነ። በሌላ በኩል ኤቴሪየም የተባለው የክሪፕቶ ገንዘብ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 በግራፊክስ ካርድ መቆፈርን ስላስቀረ፣ ብዙ ያገለገሉ ካርዶች ለዓለም ገበያ ወጡ።

እንዲህም ሆኖ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ማስላት ያሻል። እ.ኤ.አ. በ2011 የተሠራ ላፕቶፕ ባለ ሁለት ኮር ፕሮሰሰሩ ካርዱ የሚፈልገውን ሥራ ቶሎ አያቀርብለትም፤ ገመዱን ብታሰፋውም ፕሮሰሰሩ ካርዱን ወደ ኋላ ይይዘዋል። ካርድ፣ ፓወር ሰፕላይና ሞኒተር አስቀድሞ በእጁ ያለ ሰው ማያያዣውን ገዝቶ ቢሞክር አይጎዳም። ሁሉን ከባዶ የሚገዛ ግን በዚያው ገንዘብ ካርዱን የሚያስገባ ሰፊ ሣጥን ያለው ያገለገለ ዴስክቶፕ ቢፈልግ ይሻለዋል።