በክፉ ቀን የተከፈተ ጎተራ

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ በኢትዮጵያ ላይ የወረደውን ረኃብ አባቶች «ክፉ ቀን» ብለው ጠሩት። የዘመኑ መከራ አስቀድሞ የታየው በሰው ላይ ሳይሆን በከብት ላይ ነው። በ1887 እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር፥ ኢጣልያኖች ለጦራቸው ከባሕር ማዶ በምጽዋ ወደብ ካስገቡት ከብት ጋራ እንደ መጣ የሚታመነው በሽታ ከሰሜን ወደ ደቡብ እየተዛመተ፥ ከአገሩ የቀንድ ከብት ከመቶው 90 ያህሉን እንደ ፈጀ ይገመታል። ባላገሩ ይህን በሽታ «ደስታ» ይለዋል። ክፉውን በበጎ ስም ማባበል የቈየ ልማድ ይመስላል፤ ነገር ግን የቅኔ ሰው ሰሙን ገልጦ ወርቁን ቢፈልግ ከዚህ የመረረ ወርቅ አያገኝም።

በሬው ሲሞት እርሻው ቆመ። ዝናሙም ቀረ፤ አንበጣና ተምችም የተረፈችውን ቡቃያ በሉ። ገበሬው መሬት እያለው መሬት እንደሌለው ሆነ። ከሕዝቡ ሲሶው አለቀ የሚሉ አሉ።

ከዚያ በፊት የነበረው ምጽዋት ሁሉ ከትርፍ የሚሰጥ ነበረ። በደጀ ሰላም የሚቀመጠው ነዳይ፥ በተዝካርና በማኅበር ቀን የሚጠግበው ድኻ፥ እንግዳ ሆኖ የሚያድረው መንገደኛ፥ ሁሉም የሚኖሩት ጎረቤቱ ከጎተራው ስለሚቈርስላቸው ነው። ትናንት መጽዋች የነበረው ዛሬ ለማኝ በሆነ ጊዜ ግን ይህ ሥርዓት የሚቆምበት እግር አጣ።

ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ የብዙው ባላገር በረት ባዶ ነበረ። ንጉሡም ጎተራቸውን ከፍተው ለተራበው አስበሉ። ይህ መልካም ነው፤ ንጉሥ ሁሉ ሊያደርገው የሚገባ ነው። ከዚህ የሚበልጠው ግን ሌላው ሥራቸው ነው። በሬ በሌለበት አገር ዶማ ይዘው በገዛ እጃቸው ቈፈሩ፤ መኳንንቱና ወታደሩም እንዲቈፍሩ አደረጉ። በዚያ ዘመን አፈር መቈፈር ለባለ ማዕርግ ነውር ነበረ፤ ብዙ ሰውም ከመቈፈር ይልቅ ክብሩን ይዞ መራብን የሚመርጥ ነበረ። ጎተራ ይጐድላል፤ ንጉሥ የጨበጠው ዶማ ግን ነውሩን ከሥሩ ነቀለው።

አንድ ነገር ደግሞ መታሰብ ይገባዋል። በአንዱ አውራጃ እህል ቢገኝ እንኳ ወደ ተራበው አውራጃ የሚያደርሰው የአህያና የበቅሎ ጀርባ ወይም የሰው ትከሻ ነበረ። የጅቡቲ ምድር ባቡር ድሬ ዳዋ የገባው በ1895፥ አዲስ አበባ የደረሰውም በ1909 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የአንድ ከተማ ጎተራ የሚያድነው በእግሩ መጥቶ ደጁን ለመርገጥ ኃይል የቀረለትን ብቻ ነበረ። በሩቅ ቈላ የወደቀውን ማንም አልደረሰለትም።

ከረኃቡም ጋራ የወታደር ምሪት ነበረ። ወታደሩ በባላገር ቤት እየተመራ የቀረችውን እፍኝ እህል ይበላ ነበርና፥ በ1892 እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ምኒልክ ዐሥራት የሚባለውን ሥርዓት አቆሙ፤ ገበሬው ካመረተው ከዐሥር አንዱን ለመንግሥት ጎተራ ያገባል፤ ወታደሩም ከዚያ ይቀለባል። ሥርዓቱ በየስፍራው እኩል አልተፈጸመም፤ ሆኖም ለተራበ ሰው እህል ከመስጠት አስቀድሞ ያለውን እንዳይነጠቅ መጠበቅ ከምጽዋት የሚቈጠር ሥራ ነው። «ደስታ» የተባለው በሽታም ከዓለም ፈጽሞ መጥፋቱ የታወጀው ከመቶ ዓመት በላይ ቈይቶ በ2003 ዓ.ም. ነው።