ኮሶና መጠኑ

በመቱ፥ በጎሬና በበደሌ ኦሮምኛ ተናጋሪው ሄጦ የሚለው ዛፍ በአማርኛ ኮሶ ይባላል። ዛፉ የደጋ ስለ ሆነ ለወይና ደጋው ከተሜ የሚደርሰው አበባው ደርቆ ነው። ዛፉ ወንዴና ሴቴ አለው፤ ለመድኃኒት የሚመረጠው ቀላ ያለው የሴቴው አበባ ነው።

ጥሬ ሥጋ የሚወደው ሕዝብ ትሉን ለማስወጣት በየሁለት ወሩ ገደማ አበባውን ወቅጦና በውኃ በጥብጦ፥ ማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣ ነበር። ፊቱ የተኮሳተረ ሰው ኮሶ የጠጣ ይመስላል መባሉም ከምሬቱ የተነሣ ነው። በህንድ አገርም የአዩርቬዳ ሐኪሞች ለሆድ ትል የሚያዝዙት ቪዳንጋ የኢትዮጵያው እንቆቆ የቅርብ ዘመድ ነው።

ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ስለ ኮሶ ጻፈ። በ1791 ዛፉ ሃጌኒያ አቢሲኒካ ተባለ፤ ስያሜው በኬኒግስበርግ የነበረውን መድኃኒት ቀማሚ ሃገንን የሚያስታውስ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመትም አበባው በአውሮፓ የመድኃኒት መዛግብት ገባ።

ይሁን እንጂ ኮሶ ከመጠን ካለፈ መርዝ ነው፤ የዓይንን ብርሃን እስከ ማጥፋት ይደርሳል። ስለዚህ ቀማሚው የጠጪውን ዕድሜና አቅም አይቶ ይመጥን ነበር። ዛሬ የፋብሪካ ኪኒን ቦታውን ወስዶበታል፤ ዛፉም ለሳንቃ እየተቆረጠ ተመናምኗል። ዛፉን መልሶ መትከል ይቻላል፤ የመጠኑ ዕውቀት ግን በአረጋውያን ቃል ያለ ስለ ሆነ፥ እነርሱ ሳያልፉ ሊመዘገብ ይገባዋል።