ፌንጣው ምን በላ?

እኛ ባደግንበት ቤት እንሽላሊት ግድግዳ ላይ ከታየ የሚጠብቀው መጥረጊያ ነበር። እዚህ ግን ልጅዎ እንሽላሊት ካልተገዛልኝ ብሎ አልቅሶ፣ እርስዎም እሺ ብለው፣ በአንድ እጅዎ የመስታወት ሣጥን፣ በሌላው ፌንጣ የታጨቀበት ካርቶን ይዘው ከመደብር ወጥተው ይሆናል። ሦስት ቀን ሳይሞላ ግማሾቹ ሞተው ቤቱን ሲያሸቱት፣ ምን ጣጣ ውስጥ ገባሁ ማለትዎ አይቀርም። ጣጣው ታሪክ አለው።

ይህ ሌሊት የሚጮኸው ቡናማ የቤት ፌንጣ መነሻው ደቡብ ምዕራብ እስያ እንደሆነ ይታመናል። ሙቀት ስለሚወድ በአውሮፓ ከዳቦ ጋጋሪ ምድጃ አጠገብ ሲኖር ቆይቷል። አሜሪካ ውስጥ ለገበያ መርባት የጀመረው ግን ለእንሽላሊት ተብሎ አይደለም። በደቡብ ስቴቶች ዓሣ አጥማጆች መንጠቋቸው ላይ ይሰኩት ነበርና፣ እ.ኤ.አ. በ1947 በጆርጂያ ግሌንቪል የአርምስትሮንግ፣ በ1953 ደግሞ በሉዊዚያና የፍሉከር የፌንጣ እርባታ ተቋቋሙ። ለመንጠቆ ከሆነ ፌንጣው ምን በላ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ቢንፈራገጥ ይበቃል።

ፌንጣው ወደ እንስሳት ማቆያና ወደ መኖሪያ ቤት ሲገባ ነገሩ ተለወጠ። በሰው እጅ የሚኖሩ እንሽላሊቶች አጥንታቸው ይለሰልሳል፣ መንጋጋቸው ይጣመማል፣ እግራቸው አልሸከም ይላቸዋል። አንዱ ምክንያት የፀሐይ ብርሃን ማጣት ነው። ሌላው በፌንጣው ሰውነት ውስጥ ፎስፎረስ ከካልሲየም በብዙ እጥፍ መብለጡ ነው። በ1989 ሜሪ አለንና ኦላቭ ኦፍቴዳል የተባሉ ተመራማሪዎች በዚህ ላይ አንድ ጥናት አሳተሙ። ይሠሩ የነበሩት ብዙዎቻችሁ በምታውቁት፣ ከአዳምስ ሞርጋን ሰፈር በእግር በሚደረስበት የዋሽንግተን ብሔራዊ የእንስሳት ማቆያ ነበር። ፌንጣው ካልሲየም የበዛበት መኖ ሲበላ የሚሰጠው ካልሲየም በእርግጥ ጨመረ፤ የጨመረው ግን ሥጋው ውስጥ ሳይሆን ሆዱ ውስጥ ባለው መኖ ነው። ስለዚህ ተርቦ ያደረ ፌንጣ ካልሲየሙ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

እንግዲህ ካርቶኑን ጥግ ወርውረው አይተኙ። ፌንጣዎቹን አየር በሚገባበት ሰፊ ሣጥን፣ በእንቁላል ካርቶኖች መካከል፣ ሞቅና ደረቅ ባለ ስፍራ ያኑሯቸው። ፍሪጅ የሚስማማው ሚልዎርም ለሚባለው ትል እንጂ ለእነርሱ አይደለም። ውሃ በሰሃን ካኖሩላቸው ይሰምጣሉ፤ የካሮት ወይም የብርቱካን ቁራጭ ይበቃቸዋል። የሞተውን በየቀኑ ያውጡ። ለእንሽላሊቱ ከመስጠትዎ በፊት አንድ ሁለት ቀን ለዚሁ ተብሎ የሚሸጠውን ካልሲየም ያለበት መኖ ያብሏቸው። ያልተበላው ከእንሽላሊቱ ጋር አይደር፤ ሌሊት ቆዳውን ይነክሰዋል።

ይህን ሁሉ አድርገው በድንገት ቢያልቁብዎ ራስዎን አይውቀሱ። በ1977 አውሮፓ ውስጥ የተገለጸ የፌንጣ ቫይረስ በ2009 እና በ2010 የሰሜን አሜሪካን እርባታዎች አራቁቷል፤ ከስረው የተዘጉም አሉ። ሰውንም እንሽላሊትንም አይነካም። ከዚያ ወዲህ በሽታውን የሚቋቋሙ ሌሎች የፌንጣ ዝርያዎች ገበያ ላይ ስላሉ፣ ሣጥኑን በደንብ አጥበው ሻጩን ስለ እነርሱ ይጠይቁት።