የዱም ዘንባባ ቅጠል ውጫዊ ገጽታና ውስጣዊ አወቃቀር

ዱም፣ በሳይንሳዊ ስሙ ሃይፊኒ ቴባይካ፣ በሞቃታማ ቆላማ አካባቢዎች በወንዝ ዳርቻዎች፣ በጎርፍ ሜዳዎችና የከርሰ ምድር ውሃ ከመሬት ወለል ብዙ በማይርቅባቸው ስፍራዎች የሚበቅል የዘንባባ ዝርያ ነው። በአገራችን በአፋር ክልል በአዋሽ ወንዝ ተፋሰስ የሚገኝ ሲሆን፣ በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሰሜናዊ ክፍል የሚገኙትን ፍል ውሃዎች ከቦ የሚታየውም ይኸው ዛፍ ነው። የዝርያው መጠሪያ ቴብስ ከተሰኘችው ጥንታዊት የግብፅ ከተማ የተወሰደ ነው። ፍሬው እ.ኤ.አ. በ1922 በተገኘው የንጉሥ ቱታንካሙን መቃብር ውስጥም ተገኝቷል።

ውጫዊ ገጽታ

አብዛኞቹ የዘንባባ ዝርያዎች ግንዳቸው ቅርንጫፍ የማያወጣ ሲሆን፣ የዱም ግንድ ግን በየደረጃው ለሁለት እየተከፈለ ያድጋል። በእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ አንድ የቅጠል ዘለላ ይገኛል። ወንዴና ሴቴ አበባዎች በተለያዩ ዛፎች ላይ ስለሚወጡ ፍሬ የሚሰጠው ሴቴው ዛፍ ብቻ ነው።

በሆሳዕና በዓል የሚታወቀው ዘንባባ ቅጠሉ የላባ ቅርጽ ሲኖረው፣ የዱም ቅጠል ግን የተዘረጋ ማራገቢያ ይመስላል። የቅጠሉ ዘንግ አንድ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ በጠርዙ ላይም ወደ ላይ የተቆለመሙ ጥቁር እሾሆች አሉት። ዘንጉ ወደ ቅጠሉ ገጽ ዘልቆ ስለሚገባ ቅጠሉ ወደ ኋላ ለጠጥ ይላል። ገጹ ከመዘርጋቱ በፊት እንደ ማራገቢያ ተጣጥፎ፣ ቀጥ ብሎ እንደ ጦር ከዘለላው መካከል ይወጣል።

ውስጣዊ አወቃቀር

የቅጠሉ የላይኛውና የታችኛው ገጽ ተመሳሳይነት አላቸው። ሁለቱም የውሃ ብክነትን በሚቀንስ ሰም መሰል ሽፋን የተለበጡ በመሆናቸው ቅጠሉ ወደ ግራጫ ያደላ አረንጓዴ ቀለም አለው። አየር የሚያስገቡና የሚያስወጡ ጥቃቅን ቀዳዳዎችም በሁለቱም ገጾች ላይ ይገኛሉ።

ውሃና ምግብ የሚያመላልሱት ቧንቧዎች በቅጠሉ ርዝመት ጎን ለጎን የተደረደሩ ሲሆን፣ በጠንካራ ቃጫ ተሸፍነዋል። ከቃጫዎቹ አጠገብ የሚገኙ ህዋሳት ጥቃቅን የሲሊካ ቅንጣቶችን ይይዛሉ። ቅጠሉ ንፋስና ሙቀትን የሚቋቋመው፣ ለሰሌን፣ ለቅርጫትና ለገመድ የሚመረጠውም በዚሁ የቃጫ ጥንካሬ ምክንያት ነው።

አጠቃቀምና ጥበቃ

የአፋር አርብቶ አደሮች ተንቀሳቃሽ ቤቶቻቸውን የሚያለብሱት ከዘንባባ ቅጠል በሚሠራ ሰሌን ነው። ለሽመና ተመራጭ የሆነው ገና ያልተዘረጋው ለጋ ቅጠል ነው፤ ምክንያቱም ቃጫው ስላልጠነከረ በቀላሉ ይታጠፋል። ይሁንና ለጋው ቅጠል በተደጋጋሚ ሲቆረጥ ያረጁትን ቅጠሎች የሚተካ ስለማይኖር ዛፉ ምግብ የማዘጋጀት አቅሙ ይዳከማል።

ከዚህ የከፋው ጉዳት የሚደርሰው ለመጠጥ የሚሆን ፈሳሽ ለመቅዳት የእድገት ጫፉ ሲቆረጥ ነው። አዳዲስ ቅጠሎች የሚፈልቁት ከዚህ ጫፍ ብቻ ስለሆነ፣ ጫፉን ያጣ ቅርንጫፍ ሌላ ቅጠል ማውጣት አይችልም። የጎርፍ ሜዳዎች ወደ እርሻ መለወጣቸውና ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ የተባለው መጤ ተክል በአፋር መስፋፋቱ ደግሞ ለነባር ዕፅዋት ተጨማሪ ስጋት ሆኗል።

በመሆኑም በወረዳና በቀበሌ ደረጃ የሚወጡ የተፈጥሮ ሀብት አጠቃቀም ደንቦች ቅጠል መቁረጥንና የእድገት ጫፍ መቁረጥን ለያይተው ማየት ይኖርባቸዋል። የመጀመሪያው በልክ ከተከናወነ ዛፉ የሚተካው ሲሆን፣ ሁለተኛው ግን ቅርንጫፉን እስከ መጨረሻው የሚያሳጣ ነው። ከእያንዳንዱ ዘለላ ለጋ ቅጠል እንዲተርፍ ማድረግ፣ እንዲሁም ፍሬ የሚሰጡትን ሴቴ ዛፎች ከቆረጣ መጠበቅ ሰሌን የሚሠሩ ቤተሰቦችን ጥቅም ሳይነካ ዛፉን ለመጪው ትውልድ ለማቆየት ያስችላል።