ከደጃፍ ወደ መድረክ፦ ሻደይ በዋግ ኽምራ ታሪክ ውስጥ



ዝቋላ ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው የሸዋውን ተራራና የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ገዳም ነው። የዛሬው ንግግሬ ግን የሚያተኩረው በሌላው ዝቋላ ላይ ነው፤ በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር፣ ወደ ተከዜ ሸለቆ በሚያቆለቁለው ቆላማ ወረዳ፣ እንዲሁም በዙሪያው ባለው ደጋና በሰቆጣ ከተማ። እዚያ በየዓመቱ ከነሐሴ 16 እስከ 21 ባሉት ቀናት ልጃገረዶች ሻደይ ይጫወታሉ። የማነሣው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ሻደይ የሚኖረው የት ነው? በደጃፍ ወይስ በመድረክ?

ለማያውቁት በአጭሩ ላስረዳ። ሻደይ የረጅም ለምለም ቅጠል ስም ነው፤ በዓሉም በዚሁ ይጠራል። ልጃገረዶች ፀጉራቸውን ሹሩባ ተሠርተው፣ ዓይናቸውን ተኩለው፣ ጥልፍ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ቅጠሉን በወገባቸው ዙሪያ ያስሩታል። ከበሮ ይዘው በቡድን ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ። አንዷ ግጥም ታወርዳለች፤ ሌሎቹ በጭብጨባ ይቀበላሉ። ባለቤቱ ገንዘብ ወይም ካለው ነገር ይሰጣል፤ እነሱም መርቀው ወደሚቀጥለው ደጃፍ ያልፋሉ።

ይህ ጨዋታ ብቻውን የቆመ አይደለም። ነሐሴ 13 በቡሄ ወንዶች ልጆች በየደጁ ይጨፍራሉ። ከሦስት ቀን በኋላ የፍልሰታ ጾም ሲፈታ ተራው የልጃገረዶች ይሆናል። መስከረም 1 ደግሞ ሴት ልጆች በእንቁጣጣሽ አበባየሆሽ እያሉ ይመጣሉ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ጎተራው በተራቆተበትና አዲሱ እህል ገና ባልደረሰበት ወቅት፣ ልጆች በሰው ደጅ ቆመው የመዝፈንና የመቀበል መብት ያገኛሉ። ሻደይን በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ካየነው፣ ከውዝዋዜ በላይ ማኅበራዊ ሥርዓት መሆኑ ይገባናል።

የበዓሉ መነሻ ምንድን ነው? በሕዝቡ ዘንድ ቢያንስ ሦስት ትረካዎች ይሰማሉ። አንደኛው ከእመቤታችን ዕርገት ጋር ያያይዘዋል። ሁለተኛው ከኖኅ የጥፋት ውኃ በኋላ ርግቧ ይዛው ከመጣችው ለምለም ቅጠል ይነሣል። ሦስተኛው በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 11 ወደሚገኘው የዮፍታሔ ልጅ ታሪክ ይወስደናል። የታሪክ ተማሪ ከሦስቱ አንዱን መርጦ ሌሎቹን ለመጣል መቸኮል የለበትም። ትረካዎቹ በዓሉ መቼ እንደተጀመረ አይነግሩንም፤ ሕዝቡ በዓሉን በምን ዓይን እንደሚያየው ግን ይነግሩናል። አንዱ ምስጋናን፣ ሌላው ተስፋን፣ ሦስተኛው ለአንዲት ልጅ የተለቀሰን ልቅሶ ያስታውሳል። ሦስቱም ስሜቶች በልጃገረዶቹ ግጥም ውስጥ አሉ።

ሌላው ማስረጃ የበዓሉ ስርጭት ነው። በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ፣ በአክሱም ዓይኒ ዋሪ ይባላል። በዓሉ በኽምጣኛ፣ በአማርኛና በትግርኛ ይዘፈናል። ኽምጣኛ የኩሽ ቤተሰብ ሲሆን ሁለቱ የሴም ናቸው። ስለዚህ ዛሬ ካሉት የአስተዳደር ወሰኖች የሚሰፋ የጋራ ታሪክ ከፊታችን አለ። ሰቆጣ ከአፋር በረሃ የሚወጣው የአሞሌ ጨው የሚሸጥባት ታዋቂ ገበያ እንደነበረች እናውቃለን። ከጨው ጋር ዜማ፣ የሹሩባ አሠራርና የግጥም ስልት በዚያው መንገድ ተጉዞ ይሆን? ይህን እንደ መላምት አቀርበዋለሁ፤ በተለይ የምረቃ ተማሪዎቻችን ቢፈትሹት ደስ ይለኛል። ይህን ካነሣን በኋላ «የማን በዓል ነው?» የሚለው ክርክር ብዙ ጉልበት የሚገባው አይመስለኝም።

በጽሑፍ የምናገኘው የዋግ ታሪክ ግን በአብዛኛው የሹማምንት ታሪክ ነው። የዋግሹሞች ቤት ዘሩን ከዛጔ ነገሥታት ይቆጥራል። ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ነገሡ፤ በአድዋ አጠገብ በአሳም ጦርነት በደጃዝማች ካሣ፣ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በሆኑት፣ ተሸነፉ። ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ጣሊያንን ሲዋጉ ተሰዉ። ይህ ሁሉ ሊጻፍ የሚገባው ነው። ነገር ግን በዚያው ዘመን የነበረች አንዲት የሰቆጣ ልጃገረድ ስለ ጦርነቱ፣ ስለ ግብሩ፣ ያለፈቃዷ ስለተቆረጠላት የጋብቻ ቀን ምን አለች? ዜና መዋዕል ጸሐፊው አልጠየቃትም። እሷ ግን በነሐሴ፣ በሰው ደጅ ቆማ፣ ለጋሱን አወድሳለች፤ ንፉጉን ወግታለች፤ የልቧንም በቅኔ ሸፍና ተናግራለች። በሌላ ቀን ብትናገረው የሚያስቆጣው ቃል በሻደይ ቀን ይታለፍላታል። ለእኔ የበዓሉ ልብ ይህ የመናገር ፈቃድ ነው።

ወደ መድረኩ ልምጣ። የመድረኩ ታሪክ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በደርግ ዘመን ዋግ የወሎ ክፍለ ሀገር አንድ አውራጃ ነበር፤ የወሎን ሙዚቃ በአገር ደረጃ ያስተዋወቀውም የላሊበላ የኪነት ቡድን ነበር። ማሪቱ ለገሠን የመሰለች ድምፃዊት የወጣችው ከዚሁ ዓለም ነው። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ዋግ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነበር፤ ለዓለም ለተደረገልን ርዳታ ምስጋና ተብሎ በ1980 ዓ.ም. የወጣው «ሕዝብ ለሕዝብ» የኪነት ጉዞ የብሔረሰቦችን ዘፈንና ውዝዋዜ በውጭ አገር መድረኮች አሳየ። እነዚህ መድረኮች ብዙ ሰጥተውናል። ሆኖም ወሎ ሲባል በጆሯችን የቀረው ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬና ትዝታ ነው። በአንድ ድምፃዊ ጉሮሮ የሚወጣ ዜማ ለመድረክ ይመቻል። የአሥር ልጃገረዶች በየደጁ የሚለዋወጥ ግጥም፣ ያውም በኽምጣኛ፣ ለመድረክ አይመችም።

ዛሬ ሻደይ በአደባባይ በድምቀት ይከበራል። ይህን ለማጣጣል አልቆምኩም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 39 ሕዝቦች ባህላቸውን የመግለጽና ታሪካቸውን የመንከባከብ መብት አላቸው ይላል፤ አደባባዩም የዚህ መብት አንዱ መልክ ነው። ሸማኔው፣ ሹሩባ ሠሪዋ፣ ባለ ሆቴሉ ይጠቀማሉ። ኽምጣኛ ተናጋሪዋ ልጅ ቋንቋዋ በድምፅ ማጉያ ሲነገር ስትሰማ ቀና ትላለች።

የሚጠፋውንም ግን ልናይ ይገባል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ተማሪዬ የበዓሉን ቀረጻ በስልኳ አሳየችኝ። ምስሉ ጥርት ያለ ነበር፤ ከግጥሙ ግን ከጭብጨባውና ከማጉያው ጩኸት የተነሣ አንድ ስንኝ እንኳ መለየት አልቻልንም። «በአያትሽ ደጅ ምን አሉ?» ስላት ሳቀች፤ «እሱማ ሌላ ነው፤ አያቴን በስሟ ጠርተው በሬዋ ስለሞተባት አዘኑላት» አለችኝ። ያንን ግን ማንም አልቀረጸውም። በመድረክ ላይ ግጥሙ አስቀድሞ ይዘጋጃል፤ ሰዓት ይወሰንለታል፤ የሚሰማውም የክብር እንግዳ ነው። በደጃፍ ግን ግጥሙ የሚወለደው ፊት ለፊት ለቆመው ሰው ነው። ባለቤቱ ይመሰገናል፣ ይወቀሳል፣ ይጽናናል፤ መልስም ይሰጣል።

ደጃፍ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ጦርነቱ በመራራ መንገድ አሳይቶናል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ዋግ ኽምራ ተዛመተ፤ ከዚያ በኋላ ከአበርገሌና ከሌሎች ወረዳዎች የተፈናቀሉ ቤተሰቦች በሰቆጣ በመጠለያ ኖረዋል። በመጠለያ ውስጥ ያለች ልጅ ቅጠሉን ልታስር፣ ከበሮውን ልትመታ ትችላለች። የምትቆምበት የጎረቤት ደጅ፣ የምትጠራው ባለቤት፣ የሚሰጣት እጅ ግን ከቀዬዋ ጋር ቀርቷል። ስለዚህ ሻደይን መጠበቅ ማለት ሰዎች በቤታቸው እንዲኖሩ ከማድረግ የተለየ ጉዳይ አይደለም።

ተማሪዎቼ፣ ከዚህ ንግግር ሦስት ነገር ይዛችሁ እንድትሄዱ እፈልጋለሁ። በመጪው ነሐሴ ወደ አገራችሁ ስትመለሱ መድረኩን ሌሎች ይቀርጹታል፤ እናንተ ከልጃገረዶቹና ከባለቤቱ ፈቃድ ጠይቃችሁ የደጃፉን ቅረጹ። ግጥሙን በተዘፈነበት ቋንቋ ጻፉት፤ ኽምጣኛውን በአማርኛ ትርጉም አትተኩት። የት፣ መቼ፣ ለማን፣ በምን ምክንያት እንደተባለ አብራችሁ መዝግቡ፤ ያለዚህ ስንኙ ግማሽ ነው። ቅጂውም ለእኛ ብቻ ሳይሆን ለሰቆጣም ይቅር፤ የዛሬዎቹ ልጃገረዶች ልጆች ሲፈልጉት በእጃቸው ሊያገኙት ይገባል።

ለበዓሉ አዘጋጆችም አንድ ሐሳብ አለኝ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ለደጃፍ ልቀቁላቸው፤ መድረኩ በመጨረሻው ቀን ይሁን። ያን ጊዜ ልጃገረዶቹ ወደ መድረክ የሚወጡት ሌላ ሰው የጻፈላቸውን ይዘው ሳይሆን፣ በየደጁ ሲሉት የሰነበቱትን ይዘው ነው።

 አሁን ጥያቄያችሁን ለመስማት ዝግጁ ነኝ።