ዋልያን የሰየመው ሰውና ጠቃጠቆው የባሕር ቀንድ አውጣ

ልጆችዎን ይዘው ወደ ዳሽ ፖይንት ወርደው ያውቃሉ? ፌደራል ዌይ ለምንኖር ሰዎች ደጃችን ነው። በዚሁ በፒዩጀት ሳውንድ ውሃ ውስጥ፣ ድንጋያማ በሆነው ዳርቻ፣ ቅርፊት የሌለው አንድ የባሕር ቀንድ አውጣ ይኖራል። ነጣ ባለው ገላው ላይ ቡናማ ጠቃጠቆ ስላለበት እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች በነብር ስም ይጠሩታል። ልጅዎ አይቶት «በአማርኛስ ምን ይባላል?» ቢልዎ ምን ይመልሳሉ?

ጥያቄው ቀላል አይምሰልዎ። የዚህ ፍጡር ዘመዶች በሞቃት ባሕሮች ዳርቻ በብዛት ይገኛሉ፤ በቀይ ባሕርም እንዲሁ። ከእነሱ አንዱ ነጣ ባለ ገላው ላይ ብጫ ጠቃጠቆ የተበተነበት፣ ጠርዙ ወይን ጠጅ የሆነ ነው። ስፖንጅ ይበላል፤ ከስፖንጁ የሚያገኘውን መርዝም ለራሱ መከላከያ ያደርገዋል። ለሳይንስ ያስተዋወቁት የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔልና ባልደረባው ሎይካርት ሲሆኑ፣ ጊዜው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር 1830 ገደማ ነበር።

ሩፔል ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ1831 ምፅዋ ገብቶ ወደ ደጋው ወጣ፤ ሰሜን ተራራዎችን አየ፤ ጎንደር ከረመ፤ ብራናዎችንም ሰብስቦ ሄደ። (ብራናዎቹ ዛሬም እዚያው ፍራንክፈርት ናቸው፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።) ዋልያንና ጭላዳን በ1835፣ ቀይ ቀበሮን በ1840 ለዓለም ያስተዋወቀው እሱ ነው። ልብ ይበሉ! ዋልያና ጭላዳ በሳይንስ መዝገብ የገቡት በአገሬው ስማቸው ነው። ቀይ ቀበሮም በሰሜን ስም ተጠርቷል። የደጋው ሰው ነገረው፤ እሱም ጻፈ። የባሕሩ ጠቃጠቆ ግን የተሰጠው ስም ላቲን ብቻ ነው።

ይህ የስም ነገር ዋጋም አስከፍሏል። ከሩፔል ጥቂት ቀደም ብለው ሄምፕሪክና ኤረንበርግ የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ወዳጆች ለዓመታት ከግብፅ እስከ ቀይ ባሕር ዳርቻ እንስሳትና እፅዋት ሲሰበስቡ ኖሩ። በመጨረሻ ምፅዋ ደረሱ። ሄምፕሪክ በሰኔ 1825 በዚያው በትኩሳት ሞተ፤ ሠላሳ ዓመት ገና አልሞላውም ነበር። ምፅዋ ያኔ በኦቶማን ቱርኮች እጅ ነበረች፤ ዛሬ የኤርትራ ወደብ ናት። ኤረንበርግ የሰበሰቡትን ይዞ ብቻውን በርሊን ተመለሰ፤ በ1831 ከቀይ ባሕር ቀንድ አውጣዎች አንዱን አስተሮኖተስ ሄምፕሪኪ ብሎ በወዳጁ ስም ሰየመው። ሌሎች ለሞተ ወዳጃቸው ሐውልት ያቆማሉ፤ እሱ ከድንጋይ ሥር የሚድህ ለስላሳ ፍጡር መረጠለት። እኔ በበኩሌ ከሐውልቱ ይልቅ ይህን እወደዋለሁ።

ወደ ልጅዎ ጥያቄ እንመለስ። የሩፔል ጠቃጠቆ በሳይንስ ሂፕሰሎዶሪስ ፑልኬላ ይባላል። ፑልኬላ የላቲን ቃል ነው፤ ወደ እኛ ሲመለስ «ቆንጅዬ» ማለት ነው። የፒዩጀት ሳውንዱን ጠቃጠቆ ለጊዜው በዚሁ ስም ቢጠሩለት ማንም አይቃወምዎትም። ውሃው የሚሸሽበትን ሰዓት ግን አስቀድመው ይመልከቱ፤ የልጁንም ቦት ጫማ አይርሱ።