ወገናዊ የተባለው ጋዜጣ

የጋዜጣ ወገናዊነት በተነሣ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ትዝ የሚለን በዋና ከተማ የሚታተመው፣ ስሙ የገነነው ነው። ይሁን እንጂ ክሱ አጥንት ድረስ የሚዘልቀው በትንሽ ከተማ ነው። በዚያ አዘጋጁና ሹሙ፣ ነጋዴውና ዳኛው በአንድ ገበያ ይገናኛሉ፤ የተጻፈው ቃል ሳይውል ሳያድር ከጻፊው ደጅ ይደርሳል። በአሜሪካ፣ በሚሲሲፒ ግዛት፣ በሆምስ ወረዳ ይታተም የነበረው «ሌክሲንግተን አድቨርታይዘር» የተሰኘ ሳምንታዊ ጋዜጣ ለዚህ ጥሩ አስረጅ ነው።

ወይዘሮ ሄዝል ብራነን ስሚዝ ይህን ጋዜጣ የገዙት በ1943 እ.ኤ.አ. ነበር (ቀጥለው የተጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ከወረዳው ሕዝብ የሚበዛው ጥቁር ነበር፤ ሥልጣኑና ፍርድ ቤቱ ግን በነጮች እጅ ነበር። አዘጋጇ በሕገ ወጥ መጠጥና በቁማር ላይ አጥብቀው ቢጽፉም ጥቁርን ከነጭ የሚለየውን ሥርዓት አልተቃወሙም፤ እንዲያውም ይደግፉት ነበር።

በ1954 የወረዳው ሸሪፍ፣ ማለትም የፖሊሱ ሹም፣ አንድ ጥቁር ወጣት እግሩን በጥይት መታው። ጋዜጣው ድርጊቱን ዘገበ። አዘጋጇም በርእሰ አንቀጻቸው ሕግ ለሀብታምና ለድኻ፣ ለነጭና ለጥቁር አንድ መሆኑን አስታውሰው ሸሪፉ ሥልጣኑን እንዲለቅ ጠየቁ። ሸሪፉ በስም ማጥፋት ከሰሳቸው፤ 10,000 ዶላር እንዲከፍሉም ተፈረደባቸው። ፍርዱን የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1955 ሻረው።

በፍርድ ቤት ያልተሳካው በገበያ ተሞከረ። በ1956 ባለቤታቸው ከወረዳው ሆስፒታል አስተዳዳሪነት ተነሡ። የነጮችን የበላይነት ለማስጠበቅ የተቋቋመው የዜጎች ምክር ቤት ነጋዴዎች ማስታወቂያ እንዲነፍጓቸው ገፋፋ፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ ላይም ተፎካካሪ ጋዜጣ ቆመባቸው። በ1964 በርእሰ አንቀጽ ጽሑፍ የፑሊትዘርን ሽልማት በማግኘት የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ሆኖም ሽልማት የቀለምና የወረቀት ዕዳ አይከፍልም። ጋዜጣው በ1985 ተዘጋ፤ አዘጋጇም በ1994 ዐረፉ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። የ1954ቱ ርእሰ አንቀጽ ሥርዓቱ ይፍረስ አላለም፤ የተጻፈው ሕግ በሁሉም ላይ እኩል ይሠራ አለ እንጂ። ታዲያ ይህን ያህል ጠላትነት ከየት መጣ? መልሱ ከዚያ በፊት በነበሩት 11 ዓመታት ውስጥ ይገኛል። ጋዜጣው በ1954 ወገን መያዙ እውነት ነው፤ ነገር ግን ቀድሞም ወገን ነበረው። የቀድሞው ወገናዊነት ለለመደው ዓይን አልታየም፤ ሁሉም የሚተነፍሰው አየር ሆኖ ነበርና። ዝምታም ወገን አለው። አዘጋጇ ያን ዝምታ ሲሰብሩ የተደናገጠው ሹም ዝምታውን ሚዛን፣ ንግግሩን አድልዎ ብሎ ሰየመው።

ክሱ ሁልጊዜ ሐሰት ነው ማለት አይደለም፤ የሚያዳላ ብዕር በየትም አገር ሞልቷል። ስለዚህ አንድን ጋዜጣ የምንመዝን መምህራንና ከያንያን ማን ተቆጣ ብለን ብቻ ማቆም የለብንም። የተጻፈው እውነት ነውን? ሚዛኑ ለወዳጅም ለባላጋራም አንድ ነውን? እስከ ዛሬስ ስለ ማን ሳይጻፍ ቀረ? ሦስተኛው ጥያቄ ለአዘጋጇ ራሳቸውም የሚቀርብ ነው፤ ዘግይተውም ቢሆን በሙያቸውና በሀብታቸው ከፍለው መልሰውታል።